የሃይሉክሴ ትራንስፈር ኬዝ ይጠገናል፣ መልሶ ይሰበራል፤ ምክንያቱ ምን ይሆን?

ባለፒካፑ (አዳማ)

ሰላም ወገኖች። ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ግን እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ያለኝ የድሮ ሃይሉክስ ነው። ኤልኤን 106 የሚባለው፣ ባለ 2.8 ሊትር ናፍጣ 3ኤል ሞተር፣ ፊቱም ኋላውም ባሌስትራ የሆነው፣ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው)። ሥራዬ ድንች ነው። ከበቆጂ በላይ ገበሬው ማሳ ድረስ ገብቼ እጭናለሁ፣ በአሰላ፣ በኢተያና በዴራ አድርጌ አዳማ አወርዳለሁ። አስፋልቱ ላይ ምንም ችግር የለም። ችግሩ ከአስፋልቱ ወጥቼ ማሳው ጋ እስክደርስ ነው። ክረምት ላይ ያ ጥቁር አፈር ሲርስ ያለ ፎር ዊል አንድ እርምጃ አያስኬድም።

ያስቸገረኝ ትራንስፈር ኬዙ ነው፣ ከካምቢዮ የሚመጣውን ኃይል ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው። መጀመሪያ ወደ ፊት የሚወጣው ዘንግ ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚሽከረከርበት ቤሪንግ) ሄደ። ተቀየረ። ብዙም ሳይቆይ ፎር ዊል የሚያስገባው ተንሸራታች ቀለበት ጥርሱ ተበላ። ፎር ሃይ አስገብቼ ጭነት ሲሰማው ራሱ ዘሎ ይወጣል። እሱም ተቀየረ። ቀጥሎ የፊት ክሮቼራ (የረጅሙ ዘንግ መገጣጠሚያ መስቀል)። ከዚያ ያው ኩሽኔታ እንደገና። አሁን ደግሞ ታፖው (የዘይቱ መክደኛ ቡሎን) ሲፈታ ዘይቱ ቁርጥራጭ ብረት ይዞ ወጣ፣ ሲከፈት ወደ ፊት በሚሰጠው በኩል ያለው ማርሽ ጥርሱ ተሸርፏል።

የሚሠራልኝ ልጅ ጎበዝ ነው። ሥራው ንጹሕ ነው፣ ዕቃ አይሰርቅም። በሰበብ ደረጃ ግን ሁሌ የሚለው አንድ ነው፤ «ዕቃው ፎርጅድ ነው»። ኦርጅናል ፈልጌ ገዛሁ፣ እሱም አልቆየም። ስለዚህ ዕቃው ብቻ ነው ማለት ከበደኝ።

ይጠቅማችሁ እንደሆነ ሌላም ልጨምር። ደረቅ አስፋልት ላይ ፎር ዊል አላስገባም፣ ይህን አውቃለሁ። ግን ጭቃውን ወጥቼ ፎር ዊሉን ላውጣ ስል ማንሻው ይደርቃል፣ ትንሽ ወደ ኋላ ሄድ ካላልኩ አይለቅም። ፎር ዊል ላይ እያለ መሪውም ይከብዳል፣ መኪናው የሆነ ነገር ወደ ኋላ የያዘው ይመስላል። ጎማዎቹ አራቱም 205 አር 16 ናቸው። መኪናውን የገዛሁት ብዙ እጅ ከዞረ በኋላ ነው፣ ከእኔ በፊት ምን እንደተነካ የሚያውቅ የለም።

አሁን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ (የመኪና ዕቃ ገበያ) ወጥቼ ሙሉ ትራንስፈር ልግዛ ወይስ ይሄንኑ ላሠራ እያልኩ ነው። ገንዘቡ ቀላል አይደለም። ከማውጣቴ በፊት ምን ልፈትሽ?


ሞጆ መንገድ

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ዘይቱን እይ። በዚህ መኪና ካምቢዮውና ትራንስፈሩ ተያይዘው ቢቀመጡም ዘይታቸው ለየብቻ ነው፣ መሙያቸውም ለየብቻ። ብዙ ሰው ካምቢዮውን ሞልቶ ሁለቱንም የሞላ ይመስለዋል። መሃል ላይ ያለው ፓራዮሊ (የዘይት ማገጃ ጎማ) ሲደክም ደግሞ ዘይት ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። አንዱ ይጎርፋል፣ አንዱ ይደርቃል፣ መሬት ላይ ግን ጠብታ አታይም።

መኪናውን ሜዳ ላይ አቁም። የሁለቱንም የመሙያ ታፖ ፍታ። ዘይቱ ከቀዳዳው ከንፈር ጋር እኩል መሆን አለበት። ከካምቢዮው የሚፈስ ከሆነና ትራንስፈሩ ጣትህን የማያርስ ከሆነ በቃ፣ ፓራዮሊው ነው። አንድ ነገር ደግሞ አትርሳ፤ ሁልጊዜ የመሙያውን ታፖ ሳትፈታ የማፍሰሻውን አትፍታ። መሙያው ተበልቶ አልፈታም ካለህ፣ ያለ ዘይት ቆመህ ትቀራለህ።

ከ75ደብልዩ90 ውጪም አትሙላ። አንዳንዱ «ድምፅ ያጠፋል» ብሎ በጣም ወፍራም ይጨምራል። ድምፁ ይጠፋል፣ ግን ጠዋት አሰላ ብርዱ ላይ ያ ዘይት ኩሽኔታው ጋ ቶሎ አይደርስም።


ቶርኖ ቤት

እኔ የምሠራው ቶርኖ ላይ ነው፣ ስለዚህ የማየው የተሰበረውን ዕቃ ነው። እባካችሁ የተሰበረ ዕቃ አትጣሉ። ለምን እንደተሰበረ ከማንም በተሻለ የሚናገረው እሱ ነው።

ኩሽኔታው ከሰማያዊ ወይም ከቡናማ ቀለም ጋር ከመጣ ግሏል ማለት ነው፣ ዘይት አጥቷል። ሞጆ መንገድ ያለው እሱ ይሆናል። ብረቱ ቀለሙን ሳይቀይር ፊቱ ላይ ትንንሽ ጉድጓድ ካወጣ ደግሞ ወይ አርጅቷል፣ ወይ ቆሻሻ ገብቶበታል፣ ወይ ከአቅሙ በላይ ተጭኖበታል። ማርሹም እንዲሁ ነው። ጥርሱ ቀስ ብሎ ከሳሳ አንድ ነገር ነው፣ ጫፉ ቁርጥ ብሎ ከተሸረፈ ሌላ። የተሸረፈ ጥርስ የኃይል ነገር ነው። ዘይት ማጣት ብቻውን ቁርጥ አያደርገውም። ባለፒካፑ፣ ያንተ ኩሽኔታ ቀለሙ ምን ይመስላል?

ሁለተኛ፣ የኩሽኔታውን ቤት አስለካህ? የትራንስፈሩ አካል አሉሚኒየም ነው። ኩሽኔታ ሲያዝ የውጪው ቀለበት ቤቱ ውስጥ መዞር ይጀምራል፣ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። ቀጥሎ አዲስ ኩሽኔታ ታስገባለህ፣ በእጅ ግፊት ይገባል፣ ሁሉም «አሪፍ ገባ» ይላል። አሪፍ አይደለም። ሰፍቷል ማለት ነው። ዘንጉ ትንሽ ያዘነብላል፣ ማርሾቹ በጫፋቸው ብቻ ይነካካሉ፣ ጭነቱን የጥርሱ ዳር ይሸከመዋል። ከዚያ መጀመሪያ ኩሽኔታው፣ ቀጥሎ ጥርሱ ይሄዳል፣ ልክ አንተ እንደጻፍከው።

አንዳንድ ቦታ ቤቱን ውስጡን በቡሊኖ (በሾለ መምቻ ብረት) ነቅሰው ኩሽኔታውን ያጣብቁታል። ይሄን እቃወማለሁ። ለጥቂት ጊዜ ይይዛል፣ ከዚያ ነቁጦቹ ይደፈጠጣሉ፣ ቤቱ ከበፊቱ ይብሳል። ትክክለኛው ቤቱን ማስፋትና ቀለበት ሠርቶ በልኩ ማስገባት ነው፣ ያውም የተቃራኒውን ቤት ማዕከል ጠብቆ።

የተሸረፈውንም ጥርስ በብየዳ ሞልተህ እንዳታስቀርጽ። የማርሽ ጥርስ ላዩ በሙቀት የጠነከረ ነው፣ ውስጡ ግን ለስላሳ ነው። ሲበየድ ያ ጥንካሬ ይሄዳል። ሥራው ለእኔ ገቢ ነው፣ ቢሆንም አልመክርህም።


በቆጂ ሹፌር

ለምን ትደክማለህ፣ ሙሉ ያገለገለ ትራንስፈር ገዝተህ ግጠምና ተገላገል። እኔ እንደዚያ አድርጌ ዓመታት ሠርቼበታለሁ። በጥገና የሚሄደው ገንዘብ ተደምሮ ሲታይ ሙሉውን ይገዛል። ሌላው ጎማ ነው። እዚህ ሁላችንም ሁለት አዲስ ስንገዛ ከኋላ እናስራለን፣ ያለቀው ፊት ይቀራል። ቁጥሩ አንድ ቢሆንም ቁመቱ አንድ አይደለም። እሱን እይ።


የድሮ ሃይሉክስ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፒካፑ፣ ከጻፍከው ውስጥ እኔን ያስቆመኝ ሰባሪው ሁሉ ያለበት ቦታ ነው። የፊት ዘንግ ኩሽኔታ፣ የፎር ዊል ቀለበት፣ የፊት ክሮቼራ፣ ወደ ፊት የሚሰጠው ማርሽ። ሁሉም በአንድ መስመር ላይ ናቸው። ወደ ኋላ በሚሄደው በኩል አንድም ነገር አልተሰበረም፣ ድንቹን ከበቆጂ አዳማ የሚጎትተው ግን እሱ ነው። ዘይት ቢሆን ኖሮ ሁሉንም ይነካ ነበር። ፎርጅድ ዕቃም የፊቱን ብቻ መርጦ አያጠቃም። ትራንስፈሩ ተጎጂ እንጂ ጥፋተኛ አይመስለኝም። የሆነ ነገር በፊቱ በኩል እየጠመዘዘው ነው።

ማንሻው መድረቁና ወደ ኋላ ሲሄድ መልቀቁ ይህንኑ ነው የሚናገረው። የዚህ መኪና ትራንስፈር መሃሉ ላይ ዲፈረንሻል የለውም። ፎር ዊል ስታስገባ የፊቱና የኋላው ረጅም ዘንግ እንደ አንድ ብረት ተቆልፈው እኩል ይዞራሉ። ስለዚህ የፊት ጎማና የኋላ ጎማ በእኩል ዙር እኩል መንገድ ካልሄዱ፣ ልዩነቱ መውጫ የለውም። ወይ ጎማው መሬት ላይ ይንሸራተታል፣ ወይ ኃይሉ ዘንጎቹ ውስጥ ተጠምዝዞ ይከማቻል። ወደ ኋላ ስትሄድ ያ ጥምዝ ይፈታል፣ ማንሻውም ይለቃል። አስፋልት ላይ ፎር ዊል የማይገባው ለዚህ ነው፣ በኩርባ የፊት ጎማ ከኋላው የረዘመ መንገድ ይሄዳልና። አንተ ግን የምታስገባው ጭቃ ላይ ነው። ጭቃ ላይ ይሄን ያህል ከተጠመዘዘ ልዩነቱ የኩርባ ብቻ አይደለም።

በቆጂ ሹፌር ስለ ጎማ ያለው እውነት ነው፣ ግን መጠኑን እንይ። አዲስ ጎማ ጥርሱ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 2 ሚሊ ሜትር የቀረው ጎማ ከአዲሱ በዲያሜትር 12 ሚሊ ሜትር ያህል ያንሳል። 205 አር 16 ዲያሜትሩ 730 አካባቢ ስለሆነ ልዩነቱ ከ2 በመቶ በታች ነው። ይጎዳል፣ መስተካከልም አለበት፣ ጭቃ ላይ ግን ማርሽ አይሸርፍም።

እኔ የምጠረጥረው ዲፈረንሻሉን ነው። ብዙ እጅ የዞረ መኪና ነው ብለሃል። ከእነዚያ እጆች አንዱ የኋላው ወይም የፊቱ ዲፈረንሻል ሲሰበርበት፣ ከሌላ ሃይሉክስ የወጣ ገጥሞ ሊሆን ይችላል። ቡሎኑ ይገጥማል፣ ሰሚያሱ (ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ) ይገባል፣ ሁሉም ነገር ልክ ይመስላል። የጥርሱ ቁጥር ግን ሊለይ ይችላል። ቶዮታ ለእነዚህ ፒካፖች የሠራው ዲፈረንሻል አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። 4.1 አለ፣ 4.3 አለ፣ 4.556 አለ፣ 4.875 አለ። ኮሮናው (ትልቁ ማርሽ) 41 ጥርስ፣ ፒኞኑ (ትንሹ) 10 ከሆነ 4.1 ነው፣ 43 ለ10 ከሆነ 4.3፣ 41 ለ9 4.556፣ 39 ለ8 ደግሞ 4.875። በሁለት ጎማ ስትነዳ ልዩነቱን በጭራሽ አታውቀውም። ፎር ዊል ስታስገባ ብቻ ነው የሚጣሉት።

ይህን ሳትፈታ፣ ያለ አንድ ብር ወጪ መለካት ትችላለህ። ሜዳ ላይ አቁም። የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አሽግ፣ ካምቢዮውን ነጻ አድርግ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቅ። ከኋላ አንዱን ጎማ ብቻ በክሪክ አንሳ፣ ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) አስገባበት፣ ሌላኛው መሬት ይንካ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ፣ ይህን አደራ እላለሁ። ጎማው ላይና ረጅሙ ዘንግ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግ። አንድ ሰው ጎማውን 20 ሙሉ ዙር ያዙር፣ አንተ ዘንጉ ስንት ዙር እንደዞረ ቁጠር። አንዱ ጎማ ስለቆመ ዲፈረንሻሉ ግማሹን ይበላል፣ ስለዚህ የምታገኘው የቁጥሩን አሥር እጥፍ ነው። 41 ከዞረ 4.1 ነው። 43 ከዞረ 4.3። 45 ተኩል ከሆነ 4.556፣ 49 ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው 4.875።

ለፊቱም እንደዚሁ ነው። አሁን የእጅ ፍሬኑን ያዝ፣ የኋላውን ጎማ አሽግ፣ ማንሻው በሁለት ጎማ ላይ ይሁን፣ የሁለቱንም ጎማ ፍሪ ዊል (ጎማውን ከዘንጉ የሚያገናኘውን ማያያዣ) ቆልፍ፣ ከዚያ አንዱን የፊት ጎማ አንስተህ ቁጠር። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ካልሆኑ፣ የፈለግኸውን ያህል አዲስ ትራንስፈር ብትገጥም እሱም ይሰበራል። ስለዚህ በቆጂ ሹፌር ወንድሜ ይቅርታ፣ ግን ከመለካቱ በፊት ሙሉውን ግዛ ማለት ትክክል አይመስለኝም።


በቆጂ ሹፌር

ይቅርታ አያስፈልግም፣ ስለ ዲፈረንሻሉ ያልከውን አላሰብኩትም ነበር። የእኔ መኪና ከአዲስ ጀምሮ በአንድ ሰው እጅ የነበረ ስለሆነ ይሆናል ያልገጠመኝ።


አዋሽ መልካሳ

በመሃል ልግባ። ባሌስትራ ጨምረሃል ወይ? ድንች የሚጭን ሁሉ ከኋላ ይጨምራል። ጀርባው ከፍ ሲል የኋላው ረጅም ዘንግ ማዕዘኑ ይቀየራል፣ ክሮቼራው ይበላል፣ ንዝረቱ ወደ ትራንስፈሩ የኋላ ኩሽኔታና ፓራዮሊ ይሄዳል። የፍጥነት መንገዱ ላይ ባዶውን ሲነዳ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ እሱን ተመልከት። ዘንጉ ተፈትቶ ሲገጠምም የሁለቱ ጫፍ ሹካዎች በአንድ አቅጣጫ መሆን አለባቸው። አንዱ ጥርስ ዘሎ ከገባ ይነዝራል።


ባለፒካፑ (አዳማ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በየተራ ልመልስ።

ዘይቱ፦ የካምቢዮው ልክ ነው፣ አልበዛም። ከመከፈቱ በፊት ትራንስፈሩም ሙሉ ነበር፣ ልጁ አረጋግጦልኛል። ኩሽኔታው፦ አሮጌውን ከጋራዡ ቆሻሻ ውስጥ አስፈልጌ አገኘሁት። ቀለሙ አልተቀየረም። ፊቱ ላይ ጉድጓድ ጉድጓድ አለው። የኩሽኔታው ቤት ግን፣ ቶርኖ ቤት እንዳልከው ነው፣ አዲሱ በእጅ ነው የገባው። ባሌስትራ አንድ ተጨምሯል፣ ነገር ግን የፍጥነት መንገዱ ላይ አይነዝርም።

ዋናው ይሄ ነው። ከወንድሜ ጋር ሆነን ዲፈረንሻሎቹን ቆጠርን። ፊቱ እንዳይሳሳት ደግመን ቆጠርነው። ኋላው 41፣ ፊቱ 43 ነው።

የኋላውን አካል ሳየው ደግሞ አንድ ሁለት ቡሎን ከሌሎቹ ይለያል፣ ጓርኒሲዮኑም በሲሊኮን የተሠራ ነው። የሆነ ጊዜ ወጥቶ ገብቷል። አሁን ምን ላድርግ? 41 እና 43 ትንሽ ልዩነት አይመስልም?


የድሮ ሃይሉክስ

ትንሽ አይደለም። 5 በመቶ ነው። ፎር ዊል አስገብተህ አንድ ኪሎ ሜትር ስትሄድ፣ የፊትና የኋላ ጎማ ወደ 50 ሜትር የሚጠጋ መንገድ ይለያያሉ፣ ያ ሁሉ በመንሸራተት ነው የሚወጣው። ፊቱ 4.3 ስለሆነ ጎማው በዝግታ መዞር ይፈልጋል፣ ኋላው ይገፋዋል። የፊቱ እንደ ፍሬን ይሆናል። «የሆነ ነገር ወደ ኋላ የያዘው ይመስላል» ያልከው እሱ ነው። ለስላሳ ጭቃ ላይ ይንሸራተታል፣ ከጭቃው መሃል ድንጋይ ወይም ደረቅ ቦታ ሲነካ ደግሞ መውጫ ያጣል። በዚያች ቅጽበት ነው ጥርሱ የሚሸረፈው። ዕቃው ወዲያው ሳይሰበር ትንሽ እየቆየ የሚሰበረውም ለዚህ ነው።

መስተካከል ያለበት ኋላው ነው። የተነካው እሱ ነው፣ ፊቱ የመኪናው የራሱ ይመስላል። ለማረጋገጥ ሞተር ክፍሉ ውስጥ ያለውን የብረት ሰሌዳ እይ፣ የአክስል ኮድ አለው፣ ዕቃ ሻጩ በዚያ ያውቀዋል። ለአንተ ሥራም 4.3 ይሻላል፣ ጭነት ይዘህ ዳገት ስትወጣ ከ4.1 የበለጠ ይጎትትልሃል። በዚህ መኪና የዲፈረንሻሉ ራስ እንዳለ በቡሎን ይወጣል፣ ሰሚያሶቹን ሳብ አድርጎ መቀየር ነው። ከሙሉ ትራንስፈር ይልቅ ርካሽ ነው። ሶማሌ ተራ ስትሄድ ሻጩ «4.3 ነው» ስላለህ አትክፈል። ጥርሱን ራስህ ቁጠር፤ ኮሮናው 43፣ ፒኞኑ 10።


ቶርኖ ቤት

የድሮ ሃይሉክስ ያለው ይቅደም፣ ከዚያ ነው የእኔ ሥራ። ትራንስፈሩን ከመግጠምህ በፊት አካሉን አምጣና ቤቶቹን እንለካቸው። በእጅ የገባ ኩሽኔታ ካለ ቀለበት ይሠራለታል። አካሉ ካልተሰነጠቀ መዳን ይችላል፣ የተሸረፈውን ማርሽና ከሱ ጋር የሚገናኘውን ግን ሁለቱንም ቀይር፣ አንዱን ብቻ አይሆንም። ውስጡ በናፍጣ ይታጠብ፣ ዘይት መውጫ ቀዳዳዎቹ በአየር ይነፉ። አንዲት ስንጥር ብረት ከቀረች አዲሱን ኩሽኔታ ትበላዋለች። ከተገጠመ በኋላም የመጀመሪያውን ዘይት ቶሎ አፍስሰው። ታፖው ማግኔት ላይ ግራጫ ዱቄት ብታይ ጤና ነው። በጣት የሚያዝ ቁራጭ ካየህ ግን አትንዳው፣ ደውልልኝ ሳይሆን ይዘህልኝ ና።


ባለፒካፑ (አዳማ)

ገባኝ። ልጁንም አሳየሁት፣ ቆጥሮ አመነ። እስከዚያው ግን ሥራ እንዳላቆም፣ ትራንስፈሩ በአሮጌው ማርሽ ተገጥሞ በሁለት ጎማ ብቻ አዳማና ዴራ መሃል ብሠራበት ይሆናል?


የድሮ ሃይሉክስ

በተሸረፈው ማርሽ አይሆንም። በሁለት ጎማ ብትነዳም ማርሾቹ ውስጥ ይዞራሉ፣ ስንጥሩ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል፣ እስካሁን ደህና የነበረውን የኋላውንም ያበላሽብሃል። ማርሹ ከተቀየረና ቤቱ ከተስተካከለ በኋላ የኋላው ዲፈረንሻል ባይገኝልህም ያለ ሐሳብ ንዳው። ፍሪ ዊሉን ፈትተህ፣ ማንሻውን በሁለት ጎማ ላይ አድርገህ፣ አስፋልቱን ይዘህ። ማሳ ግን አትግባ፣ ድንቹን ገበሬው በጋሪ እስከ አስፋልቱ ያውጣልህ። 43 ለ10 ስታገኝ ጻፍልን፣ ከመግጠምህ በፊት አንድ ጊዜ ደግመህ ቁጠረው።